ከአዲንዳን የተለካው ጢስ ዓባይ

ካርታውን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ካርታ ሥራዎች ነው። አንድ ለ50 ሺህ፣ የድሮ እትም። እጥፋቱ ላይ ሳስቷል። ሁለት ሳንቲ ሜትሯ መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነች። ጠቅልዬ ጢስ ዓባይ ለአባዬ ወሰድኩላቸው።

አባዬ ፊደል አልቆጠሩም። ሰማያዊውን መስመር ሲያዩ ግን አላመነቱም። «ይኼማ ዓባይ ነው» አሉ። ቀጥለው «ፏፏቴውስ?»

አሳየኋቸው። ቅር አላቸው። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች በየ20 ሜትሩ ነው የሚሰመሩት፤ ጢስ እሳት ደግሞ ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ነጎድጓድ ወረቀቱ ላይ ሁለት የተጣበቁ መስመሮች ሆኖ ቀረ። «ይኼው ነው?» ሲሉኝ እኔ የሳልኩት ይመስል አፈርኩ።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ካሣቸው። ስንት ዓመት አህያ እየነዱ ገበያ ተሻግረውበታል! እኔም ጉራ ለመንፋት የድልድዩን ነጥብ ከካርታው አንብቤ ስልኬ ላይ አስገባሁ። ስልኬ ድልድዩን ትቶ 200 ሜትር ያህል ርቆ የሰው ማሳ መሃል ጣለኝ። አባዬ ሳቁ።

ጥፋቱ የስልኩም የካርታውም አይደለም። ሁለቱ የሚነሱበት መነሻ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የዓባይ ተፋሰስ ሲለካ መነሻ የሆነው አዲንዳን የሚባል ቦታ ነው። የድሮ ካርታዎቻችን ጥግ ላይ ስሙ ተጽፏል። ቀያሽ ያልሆነ ማን ያነበዋል!

«አዲንዳን የት ነው?» አሉ አባዬ።

«ከዚሁ ውሃ ታች፣ ግብፅና ሱዳን ድንበር ላይ። የኑቢያዎች መንደር ነበር።»

«ነበር?»

አስዋን ላይ ግድብ ሲሠራ መንደሩ እንደተዋጠ ነገርኳቸው። ሰዎቹን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንስተው ኮም ኦምቦ አካባቢ አሰፈሯቸው።

አባዬ ጣታቸውን ከሰማያዊው መስመር አላነሱም። «እዚያስ ወንዝ አላቸው?»

«አለ። ግን ከሰፈሩበት ራቅ ይላል።»

«ራቅ ይላል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ካርታውን በድሮው እጥፋት አጠፉና ቡና እንዲፈላ አዘዙ።