ካሜራዬ በሐበሻ አቆጣጠር

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። መስከረም ላይ ማለዳ ሜዳው ጉም ለብሶ ይተኛል። አደይ አበባው ብቅ ብቅ ይላል። አትሌቶች በመሀሉ ይሮጣሉ። እዚህ እየኖሩ፣ ያውም ፎቶ አንሺ ሆኖ፣ ተኝቶ ማርፈድ ኃጢአት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ኃጢአተኛ ነኝ።

የዚያን ቀን ግን ነቃሁ። ካሜራው ክረምቱን ሙሉ ባትሪው ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ከርሟል። ሳበራው እንደ ቀበሌ ጸሐፊ «ቀን? ወር? ዓመት? ሰዓት?» ብሎ ያዘኝ። ዓይኔ ገና አልተገለጠም። እማዬ ጓዳ እሳት ታያይዛለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«መስከረም አስራ አንድ።»

«ሰዓቱስ?»

«አስራ ሁለት። አንተ፣ ልትሄድ አይደል እንዴ?»

ወር 1፣ ቀን 11፣ ዓመት 2018፣ ሰዓት 12:00። እሺ የሚለውን ተጫንኩና ወጣሁ።

ሜዳው ላይ አንድ ሯጭ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። በዚያው ቅጽበት የጎረቤታችን የጋሼ አህያ፣ ምን እንዳስበረገጋት እንጃ፣ ከጎኑ ትፈተለካለች። ቀጭ! የሯጩ ሁለቱም እግሮች አየር ላይ፣ የአህያዋ አራቱም አየር ላይ። በአፍንጫ ቀድማዋለች። «ፉክክር» ብዬ ሰየምኩትና ውጭ አገር ለሚካሄድ የባለሙያዎች ውድድር ላክሁት።

አንደኛ ወጣ! ግን ከመታወጁ በፊት ራው ፋይሉን ላክ አሉኝ። ትልልቅ ውድድሮች እንዲህ ናቸው፤ ካሜራው የመዘገበውን ያልተነካካ ፋይል ሳያዩ አያጸድቁልህም። አህያዋን በኮምፒውተር አላስገባኋት፣ ምን ያስፈራኛል? ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ትሕትናው ራሱ ያስፈራል። ፋይሉ እንደሚለው ፎቶው የተነሳው ጃንዋሪ 11 ቀን 2018፣ ከቀኑ 12:20 ላይ ነው። ውድድሩ ደግሞ የሚቀበለው ያለፈውን አንድ ዓመት ሥራ ብቻ ነው። ለመሆኑ በቀትር ይህ ሁሉ ጉም ከየት መጣ?

ላብ አጠመቀኝ። ሽልማት መነጠቅ እንዳለ አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2009 እንግሊዝ አገር የሚካሄደውን ትልቁን የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያሸነፈ የተኩላ ፎቶ ነበር፤ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በማግስቱ ዓመት ተሰረዘ። የኔዋ አህያ ደግሞ ለማዳ መሆኗን ማን ይክዳል?

በቪዲዮ አስረዳ ተባልኩ፤ «በአዲስ አበባ ሰዓት 3:00»። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከላይ ኮት ከታች ፒጃማ ሆኜ ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየምኩ። ሰው የለም። አራት ሰዓት። አምስት። እማዬ ሁለተኛ ቡና አፈላች። ለካ እነሱ ያሉት ከሰዓት በኋላ ሦስት፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ኖሯል። በሰዓት ምክንያት ተከስሼ፣ ችሎቱንም በሰዓት ምክንያት ስድስት ሰዓት ጠበቅሁት።

በመጨረሻ ሦስት ዳኞች ብቅ አሉ። ጀመርኩ። የኛ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ሲነጋ ነው። የመጀመሪያው ወር መስከረም ነው። ከእናንተም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንዘገያለን።

«ሰባት ነው ስምንት?» አለች አንዷ።

«እንደ ወሩ ነው።»

ተያዩ።

«በዓመት ስንት ወር አላችሁ?»

«አስራ ሦስት።»

እንደገና ተያዩ። እኔ ራሴ የምናገረው ውሸት ይመስለኝ ጀመር። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት መሆኗን ሳስረዳማ የአንደኛው ዳኛ ቅንድብ ግንባሩን አልፎ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ይሄኔ እማዬ ከጀርባዬ ደርሳ የባንክ ካላንደሩን ከግድግዳው ነቅላ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው። «ይኸው! መስከረም 11፣ በናንተ 21! ልጄ አይዋሽም!» አለች በአማርኛ። ካላንደሩ እኔንም ጋረደኝ።

እስካሁን ዝም ያሉት ሽማግሌ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋይሉ ላይ ካሜራው ካኖን አር 6 ይላል። አር 6 ገበያ የወጣው በ2020 ነው። በ2018 ይህን ፎቶ ሊያነሳ አይችልም፤ ገና አልተወለደም።»

ዝም አልን። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ጳጉሜ ሳብራራ ማን ያስቁመኝ? ዋናው ማስረጃ እኮ አንገቴ ላይ ነበር የተንጠለጠለው!

ሽልማቱ ጸደቀ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ለጋሼ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«አንደኛ ወጣሁ ነው የምትለው?»

«አዎ ጋሼ።»

ጣታቸውን የአህያዋ አፍንጫ ላይ አደረጉ። «አንደኛማ የወጣችው እሷ ናት።»

በማግስቱ አንድ ኩንታል ፉርሽካ ገዝቼ ወሰድኩላት።