የወጪ መጋራት ዕዳ ከፍሎ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት፦ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስንመረቅ አብዛኞቻችን ይዘን የምንወጣው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ሬጅስትራር ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ተመራቂ የለም። ለእኔ ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዕዳው ከደመወዝ እየተቆረጠ ቢያልቅም፣ ማለቁን የሚመሰክር ወረቀት የትኛውም ቢሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። ወረቀቱን የሚሰበስበው፣ የሚያመሳክረውና ከቢሮ ቢሮ ይዞ የሚዞረው ባለዕዳው ራሱ ነው። በደመወዝ መክፈያቸው ላይ ተቆራጩን እያዩ "ይኸው እየተከፈለ ነው" ብለው የተቀመጡ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ከ1996 ዓ.ም በፊት በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በወጣ ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን ይጋራል፤ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ክፍያው የሚጀምረው ሥራ ሲያዝ ነው፤ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። በመምህርነት የሚያገለግሉ በአገልግሎታቸው ይከፍላሉ። ሥርዓቱን አልቃወምም። ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔን ለማስተማር በሬ መሸጥ አላስፈለጋቸውም። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ በዚያው ካፌ እንዲበላ የበላሁትን መመለስ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ንዴቴ እስካሁን ያልበረደውም ይህን ስለማምን ነው።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። በየዓመቱ ፎቶ ተለጥፎ ውል ይፈረማል፤ ሲመረቁ ጠቅላላው ዕዳ የተጻፈበት ደብዳቤ ይሰጣል፤ ሥራ ሲገቡ ለአሠሪው ይቀርባል። ከዚህ ሁሉ ዓይን የሚፈልገው ውሉ ነው። ምግብ በካፌ ነው ወይስ በገንዘብ፣ መኝታ በግቢ ነው ወይስ በውጭ፣ የተሞላው ከእውነቱ ጋር መግጠሙን ሳታዩ አትፈርሙ። ከግቢ ውጭ ተከራይታ ትኖር የነበረች አንዲት ጓደኛዬ ያልተኛችበትን አልጋ ዋጋ ከፍላለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ የዞን ከተማ በግል ድርጅት ውስጥ ነበር። ተቆራጩ በመክፈያው ላይ ከሥራ ግብርና ከጡረታ መዋጮ ቀጥሎ የራሱ ዓምድ ነበረው፤ በየወሩ እያየሁ እፈርምበት ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ፣ አዲሱ አሠሪዬም መቁረጡን ቀጠለ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሳመለክት ዋናው ዲግሪ ተጠየቅኩ። በስሌቴ መሠረት ዕዳዬ አልቋል። ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ ሄጄ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ። ባለሙያው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን አስገባና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ከአዲሱ አሠሪዬ የተላከው አለ። ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው።

"እህቴ፣ እዚህ ያልታየ ገንዘብ አልተከፈለም ማለት ነው" አለኝ።

የደመወዝ ወረቀቶቼን ዘረጋሁለት። "ይህ መቆረጡን ያሳያል፤ ገቢ መሆኑን አያሳይም። ገንዘቡ የገባበት ቦታ ሄደሽ አስጽፊ" አለ። እንደ አሠራሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን አስቡት፤ ገንዘቡን ቆርጦ እንዲያስገባ አሠሪውን የሾመው መንግሥት ነው። የተሾመው አስገባ አላስገባ፣ የማስረዳት ሸክሙ ከተቆረጠባት ሠራተኛ ላይ ወደቀ።

የዞኑ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የድርጅቱን ፋይል አወጣልኝ። ገንዘቡ በየወሩ ገቢ ተደርጓል፣ የደረሰኙም ቅጂ አለ። ሆኖም የገባው የሁሉም ሠራተኛ ተቆራጭ ተደምሮ በአንድ ጊዜ ነው። ሸኚ ደብዳቤው "የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዘን ልከናል" ይላል። የተያያዘ ነገር ግን የለም። በወረቀቱ ጥግ ላይ ስቴፕለር የበሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል፤ አንደኛው ዳር ድረስ ተቀዷል። የሚቀጥለውን ወር ገለጥኩ፤ ያው ነው። ከዚያ የሚቀጥለውም።

"ልጄ፣ ገንዘቡ ገብቷል። ያንቺ ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለኝም" አሉኝ የክፍሉ ኃላፊ።

ጋሼ፣ ዝርዝሩ የጠፋው ከእናንተ ፋይል ውስጥ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝርዝሩን ድጋሚ ከድርጅቱ እንዳመጣ፣ በየወሩ መክፈያና በየወሩ ደረሰኝ አመሳክሬ እንዳቀርብ ነገሩኝ። የድርጅቱ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ የደመወዝ መክፈያው ቅጂ ማኅተም ተመትቶበት መቅረብ አለበት። ይህን መስፈርት በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። "አሠራር ነው" አሉኝ። በኋላ ሌላ ባለሙያ በቦታው ተተክቶ ሌላ አሠራር ሲነግረኝ የጽሑፉ አለመኖር ምን ያህል እንደሚጎዳ ገባኝ። መስፈርቱን በጽሑፍ ካልሰጧችሁ፣ እናንተው በማመልከቻ መልክ ጻፉትና "በተነገረኝ መሠረት እነዚህን ሰነዶች አቅርቤያለሁ" ብላችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑንም ያዙ። ቁጥር ያለውን ወረቀት "አልደረሰኝም" ማለት አይችሉም።

የቀድሞ ድርጅቴ ሕንጻ ቀይሮ የቆየ ሰነዱን መጋዘን ውስጥ ከቶታል። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ "ዓመቱ ስላለፈ ይቸግራል" ብሎ ሊሸኘኝ ሲል ያዳኑኝ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ አቧራውን እያራገፉ፣ ቦክስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አወረዱልኝ። ማንም ያላዘዛቸውን ሠርተው ሻይ እንኳ ልጋብዝዎ ብላቸው "ሂጂ፣ ወረቀትሽን ጨርሺ" አሉኝ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ሥራዬን እንደ ሥራቸው የቆጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ጥቂት ወራት ግን አልተገኙም፤ ዝናብ የገባበት ሳጥን ነበር፣ ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲላቀቅ ጽሑፉ አብሮ ተነሳ።

የተገኘውን ይዤ ስመለስ ደግሞ የስም ጉዳይ መጣ። በመክፈያው ላይ የአያቴ ስም የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ውል ላይ በሃሌታው ሀ። ባለሙያዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ "የአንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ" አለች። የመለያ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ፎቶው የእኔ ነው፣ እኔም ፊቷ ቆሜያለሁ። ሆኖም ሌላ ማረጋገጫ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ፊርማ አስፈለገ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ ሥልጠና ወጡ። ውክልና የተሰጠው ሰው የለም። ባለጉዳይ ከሩቅ ከተማ ፈቃድ ጠይቆ እንደሚመጣ እየታወቀ አንድ ፊርማ የሚተካ ሰው አለመመደብ ሰውን መናቅ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ደብዳቤው በመጨረሻ ወጣ። አናቱ ላይ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይል ነበር። ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም አለ፤ በስሙ የተጻፈ መሆን አለበት። ስለዚህ ድጋሚ ተመለስኩ። ይህን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ፦ ደብዳቤ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሳይነሳ፣ ቲተሩ ሳይመታ፣ የተጻፈለትን ተቋም ስም፣ የእናንተን ስም ከነአያት፣ የተመረቃችሁበትን ዓመትና ጠቅላላ የተከፈለውን ገንዘብ በአኃዝም በፊደልም አንብቡ።

ገቢዎችም አሠሪዎችም የሚሰጡት ምክር "ቆርጦ ማስገባት የአሠሪው ኃላፊነት ነው፣ እናንተ አታስቡ" የሚል ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አቅም ካላችሁ ከደመወዝ እስኪቆረጥ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ በስማችሁ ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኙን በእጃችሁ ያዙ። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ በየስድስት ወሩ ገቢዎች ሄዳችሁ በመለያ ቁጥራችሁ ስንት እንደተመዘገበ አስነግሩ። ከሥራ ስትለቁ የመሸኛ ደብዳቤው ላይ የተቆረጠው የወጪ መጋራት በየወሩ ተዘርዝሮ ካልተጻፈ መሸኛውን አትቀበሉ፤ የደረሰኞቹን ቅጂም ጠይቁ። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ቦታው ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሒሳብ ሠራተኛው ለቋል፣ ማኅተሙ ተቀይሯል፣ ሳጥኑ ላይ ዝናብ ገብቷል።

"ብር ዋጋው እየወረደ ስለሆነ ዘግይቶ መክፈል ያዋጣል" የሚሉ አሉ። በውሌ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዓመታት በኋላም ያው ስለነበር በስሌት ትክክል ናቸው። እኔ ግን በመዘግየት ያተረፍኩትን ሁሉ ለመኪና፣ ለአልጋና ለፎቶ ኮፒ አውጥቼዋለሁ፤ ያመለከትኩበት የትምህርት ዕድልም ሰነዱ ሳይሟላ ጊዜው አልፏል። ይህን የሚመልስልኝ የለም።

አሁን ግቢ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር መብላት ምን እንደነበር ስለማውቅ ጭማሪው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የሚጋራው ተማሪው በመሆኑ ዕዳው ያድጋል፣ የሚቆረጥባቸው ወራት ይበዛሉ፣ ሊጠፉ የሚችሉት ወረቀቶችም እንደዚያው። ውሉን ስትፈርሙ የራሳችሁን ቅጂ ጠይቁ። "ፋይል ውስጥ አለ" ካሏችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁት ሂዱ።

ዋናውን ዲግሪ ተቀብያለሁ። ጊዜያዊውን መልሼ፣ ፈርሜ ወጣሁ። ወረቀታቸው በዝናብ የጠፋውን ወራት ሁለተኛ ጊዜ ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍያ በዞኑ መዝገብ ውስጥ በድምሩ ተካቶ አሁንም አለ። እንዲመለስልኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ቁጥሩ እጄ ላይ ነው፣ መልስ ግን አልመጣም። በተመሳሳይ ሁኔታ ሁለቴ የከፈላችሁ ካላችሁ እናንተም በጽሑፍ አስገቡ። ብዙዎቻችን በአንድ ጊዜ ስንጠይቅ የአንድ ሰው ፋይል ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ለማየት የሚገደዱበት ጉዳይ ይሆናል።