የአሜሪካ ስልኬ አራት ኪሎ ላይ ሲጠራ

አሜሪካ ስኖር ፕሪፔይድ ነኝ፣ ኮንትራት የሚባል ነገር ገብቼ አላውቅም፣ ወሩ ሲደርስ ከካርዴ ይቆረጣል አለቀ። ያው ርካሽ ነገር ያለምክንያት አይረክስም፣ እንደዚህ አይነቱ መስመር ከሀገር ስትወጡ ሮሚንግ (በሌላ ሀገር ኔትወርክ መስራት) ወይ የለውም ወይ ደግሞ በደቂቃ የሚጠይቀው ብር ያስደነግጣል። የኔ ላይ እንኳን ዋጋው ኢትዮጵያ የሚለው ስም ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቦሌ ስወርድ ስልኬ ኖ ሰርቪስ ብሎ ቁጭ አለ፣ እኔ ግን አልደነገጥኩም፣ ሜሪላንድ እያለሁ ዋይፋይ ኮሊንግ አብርቼ ነው የመጣሁት።

ለማያውቀው ሰው፣ ይሄ ነገር እንደ ዋትሳፕ ወይ ቴሌግራም ሌላ አፕ አይደለም። የራሳችሁ ቁጥር፣ የራሳችሁ ሲም፣ የስልኩ የራሱ መደወያ ነው፣ ድምፁ በአንቴና መሄዱ ቀርቶ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። ስልኩ ባገኘው ዋይፋይ ላይ እስከ ስልክ ካምፓኒው ድረስ የተቆለፈ መስመር ይዘረጋል፣ እዛ ሲሙ ማንነቱን ያሳያል፣ ደንበኛችን ነው ከተባለ በቃ፣ እናንተ አዲስ አበባም ሁኑ ጅማ ስልኩ የሚቆጠረው ሀገሩ እንዳለ ነው። አይፎን ላይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ግን ብዙ አበሻ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አይቶት አያውቅም።

ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ዱለስ ኤርፖርት አውሮፕላኑ ሳይነሳ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስለዚሁ አንስተን ስናወራ "እዛ ስደርስ አበራዋለሁ" አለኝ፣ አረ አሁኑኑ አብራው አልኩት። መጀመሪያ ሲበራ አድራሻ ይጠይቃል፣ የአሜሪካ አድራሻ፣ የአሜሪካ የአደጋ ቁጥር 911 ከተደወለ አምቡላንሱ ወይ ፖሊሱ የት እንደሚሄድ እንዲያውቅ ነው። አንዳንዱ ካምፓኒ ደሞ በራሱ ኔትወርክ ላይ ካልሆናችሁ ጭራሽ አያስጀምራችሁም፣ ከአሜሪካ ውጪ የሆነ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ሲያይ የሚዘጋም አለ። ልጁ በሩ ሳይዘጋ አበራው፣ አስተናጋጇ ስልክ አጥፉ እያለች እሱ ዚፕ ኮዱን ይጽፋል።

ይሄ የ911 ነገር ግን ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በዋይፋይ ኮሊንግ 911 ብትደውሉ የሚያነሳው አሜሪካዊ ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ደግሞ ሜሪላንድ የመዘገባችሁትን ቤት። ስለዚህ ለአደጋ የምትይዙት ስልክ የሀገር ውስጥ ሲም ያለው ይሁን፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939። የአክስቴ የልጅ ልጅ ስልኬን ሲነካካ የጮህኩበት ለዚህ ነው፣ አክስቴ ግን ስልኩ ውድ ስለሆነ መሰላት፣ "ልጅ አይደል እንዴ፣ ምን ይሰብረዋል" ብላ ተቀየመችኝ።

አክስቴ ቤት አራት ኪሎ ነው፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ ዋይፋይ አላቸው። አገባቡ እንዲህ ነው፦ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደርገዋለሁ፣ ከዛ ዋይፋዩን ብቻ መልሼ አበራለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ከላይ የካምፓኒው ስም ብቅ ይላል ከጎኑ ዋይፋይ የሚል ተጽፎ። እንደበራ የስራ ባልደረባዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች፣ ነገ ሽፍት ትቀይረኛለህ ወይ ነው የምትለው፣ አራት ኪሎ ነኝ ስላት ሳቀች፣ ውጪ አውራ ዶሮ ሲጮህ ሰምታ ነው ያመነችኝ።

ሂሳቡ ግን የተገለበጠ ነው፣ እሱን መልመድ አለባችሁ። እዚህ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሜሪላንድ ስደውል የሀገር ውስጥ ጥሪ ነው፣ ከፕላኔ ውጪ ሳንቲም አይቆረጥም። ወጥ ቤት ያለችው አክስቴ ጋ ብደውል ግን ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ እንደተደወለ ይቆጠራል። የአክስቴ ልጅ ይሄን ብነግረውም አላመነኝም፣ "ዋይፋይ አይደል እንዴ፣ ነጻ ነው" ብሎ ካዛንቺስ ያለች ጓደኛው ጋ ደወለ፣ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ በቂ ሂሳብ የለዎትም ብላ ሸኘችው። ፕሪፔይድን የምወደው እዚህ ላይ ነው፣ የሌለህን አያስበላህም። ኮንትራት ቢሆን ጥሪው ያልፍና ወር ቆይቶ ቢሉ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ለዚህ ሀገር ሰው ለመደወል እዚሁ ሲም ማውጣት ነው የሚሻለው፣ የቴሌው 09 ሆነ የሳፋሪኮሙ 07፣ በፓስፖርት ይሰጣሉ፣ የቴሌው ከሆነ በ*999# ጥቅል መግዛት ነው። ዋይፋይ ኮሊንግ ጥቅሙ ለባንክ፣ ለሀኪም ቤት፣ ለመስሪያ ቤት፣ የአሜሪካ ቁጥራችሁን ብቻ ለሚያውቁ ሰዎች ነው።

ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ጡረታ የወጣ የቴሌ ሰራተኛ ነው። ቡና እየጠጣን ስልኩን አገላብጦ አየውና "ይሄ ነገር ግን አያስጠይቅም?" አለኝ። እሱ የሚያስበው የ2004 ዓ.ም.ን አዋጅ ነው፣ ቁጥር 761፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የሚለውን፣ ያኔ ስካይፕ ያወራ ሁሉ ሊታሰር ነው ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞሮ መንግስት በኋላ ተራ ተጠቃሚውን አይመለከትም ብሎ ነበር። ጋሼ የሲም ቦክስ ጣጣ እስኪበቃው ያየ ሰው ነው፣ ከውጪ የመጣ ጥሪ በሀገር ውስጥ ሲም ተቀይሮ ሲገባ ቴሌ ገቢውን ያጣል። እኔ ማንንም አላገናኝም ጋሼ፣ የራሴን መስመር ነው የማወራበት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወሬውን ወደ ምኒልክ መለሰው፣ ስልክ በ1894 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሐረር መስመር ሲጀመር፣ ቀሳውስቱ ሽቦ ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው አሉ የሚባለውን፣ ከዛ ሞባይል አዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲገባ ሲም ያለው ሰው እንዴት እንደሚኮራ። ጋሼ ጋ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ መቶ ዓመት ነው የምትሰሙት።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ፒያሳ ነው። ኤቲኤም ላይ ካርዴን ስከት አልሰጥም አለኝ፣ ሌላ ማሽን፣ እሱም እምቢ። ባንኬ ትንሽዬ የክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር) ነገር ናት፣ ከማታውቀው ሀገር ካርዱ ሲነካ ዘጋችው። አሁን አስቡት፣ የስልኬ ፕላን በዚሁ ካርድ ነው የሚታደሰው፣ መታደሻው ደግሞ ቀርቧል፣ ካርዱን ለማስከፈት ኮድ የሚላከው በዚሁ ስልክ ነው። ስልኩ ከተቆረጠ ኮድ የለም፣ ኮድ ከሌለ ካርድ የለም፣ ካርድ ከሌለ ስልክ የለም። ባንኳ የምትከፍተው በነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ በሰኔ የሰዓት ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። እኔ ፒያሳ የቆምኩት ገና ሳይረፍድ ነው።

በቃ ቀኑን ጥሩ ዋይፋይ ፍለጋ ዋልኩ፣ ከተማም አየሁበት። ፒያሳ ድሮ የማውቃት አይደለችም፣ ዶሮ ማነቂያ የለም፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሰው ፎቶ ይነሳል። አንዳንዱ ቆንጆ ሆኗል፣ አንዳንዱን ቤት ግን ፈልጌ አጣሁት፣ ለማን እንደምነግር አላውቅም። ቶሞካ ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁ፣ እዛ ሰው ቆሞ ጠጥቶ ነው የሚሄደው፣ ባንክ ሲያስጠብቃችሁ ስልክ ጆሮ ላይ ለጥፎ የሚዋልበት ቦታ አይደለም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አሰብኩ፣ እዛ ደግሞ ተማሪ እያጠና ስልክ ማውራት ነውር ነው።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድኩ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ሊሴ ገብረማርያምን አልፌ። ከዛው አካባቢ አንድ ጓደኛዬ ያረፈበት ሆቴል ሎቢ ገባሁ፣ ዋይፋዩ ፊልም ያለችግር ያሳያል፣ የኔ ስልክ ግን ኖ ሰርቪስ ነው። ፍጥነት አይደለም ጉዳዩ። ዋይፋይ ኮሊንግ የሚወጣው በ500 እና 4500 በሚባሉ ዩዲፒ ፖርቶች (የኢንተርኔት መውጫ በሮች በሉት) ነው፣ ብዙ ሆቴልና ቢሮ ለእንግዳ የሚሰጠው ኔትወርክ ላይ ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) ድረ ገጽ ብቻ አሳልፎ ሌላውን ይዘጋል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ "ጋሼ፣ ራውተሩን አጥፍቼ ላብራልዎት?" አለኝ፣ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ራውተሩ ምን አጠፋ። (ጋሼ ያለኝን በኋላ መስታወት ላይ አየሁት፣ ጸጉሬ ሸብቷል ለካ።)

ከብሔራዊ ቴአትር ማዶ የገባሁባት ካፌ ግን ወዲያው ሰራች። 10 ሰዓት ሲሆን የባንኳን 800 ቁጥር፣ አሜሪካ ውስጥ በነጻ የሚደወለውን፣ ደወልኩ። ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ በኢትዮጵያ ሲም 800 ቁጥር መደወል ብትሞክሩ ወይ አይገባም ወይ ነጻ አይደለም፣ በዋይፋይ ኮሊንግ ግን አሜሪካ ሆናችሁ እንደደወላችሁ ነው። ሙዚቃ ተጀመረ፣ ጥሪዎ ለኛ አስፈላጊ ነው፣ ሙዚቃ፣ አስፈላጊ ነው፣ ሙዚቃ፣ በመጨረሻ አንዲት ልጅ አንስታ ስሜን እየጠየቀች መብራት ጠፋ። ራውተሩ ጠፋ፣ ጥሪውም ተቆረጠ። አሜሪካ ቢሆን ዋይፋይ ሲሄድ ጥሪው ሳይቆረጥ ወደ ሞባይል ኔትወርኩ፣ ወደ ኤልቲኢ ይሻገራል፣ እዚህ ግን የሚሻገርበት የራሱ ኔትወርክ የለም፣ ገደል ነው።

ካፌው ጄነሬተር እስኪያስነሳ አልጠበቅኩም። የሀገር ውስጥ ሲሜ ያለው በሌላ አሮጌ ስልክ ነው፣ የሱን ሆትስፖት አበራሁና የአሜሪካውን ስልክ እሱ ላይ አገናኘሁት። መጀመሪያውኑ የሚመከረው ይሄ ነው፣ የሞባይል ዳታ አብዛኛውን ጊዜ እነዛን ፖርቶች አይዘጋም፣ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋም አንቴናው ወዲያው አይጠፋም፣ ወሬ ብቻ ስለሆነ ደግሞ በደቂቃ በግምት አንድ ሜጋባይት ቢበላ ነው፣ ትንሽ ጥቅል ይበቃል። ሁለቱን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ እንደገና ሙዚቃውን ጀመርኩት። አስተናጋጁ ሁለት ስልክ ይዤ በእንግሊዝኛ የልደት ቀኔን ስናገር ደላላ ሳይመስለው አልቀረም፣ ማኪያቶ ሳላዝ አመጣልኝ።

ሁለተኛዋ ልጅ ኮድ በቴክስት ልላክልህ አለች፣ አይ በድምፅ ይደወልልኝ አልኳት። ይሄን ልብ በሉ፦ የሰው ቴክስት በዋይፋይ ኮሊንግ ደህና ይገባል፣ ባንክ ከአጭር ቁጥር የሚልከው ግን አንዳንድ ፕሪፔይድ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ኮዱን ደውሎ የሚያነብ ማሽን አማራጭ ካለ እሱን ምረጡ። ወዲያው ተደወለ፣ ማሽኗ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ ለልጅቷ መልሼ ነገርኳት። አሁን የት ነህ አለችኝ፣ አዲስ አበባ አልኳት፣ ጉዞህን ብታስመዘግብ ኖሮ አይዘጋም ነበር አለች። አስመዝግቤ ነበር አልኳት። ዝም አለች፣ ትጽፋለች ይሰማኛል፣ "አዎ፣ አየሁት፣ ሲስተሙ አላነበበውም" አለች። ካርዱ ተከፈተ። ከካፌው ሳልወጣ ፕላኑን ቀድሜ አሳደስኩት፣ ለሶስት ወር፣ ዳግመኛ እዛ ክብ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ማታ ለጋሼ ስነግረው ሁሉንም ትቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ "ዳላስ ያለችው ልጄ ጋ በዚህ ብደውል ስንት ይቆጥራል?" ዜሮ አልኩት። አላመነኝም፣ በሱ ጊዜ አሜሪካ ለመደወል ቴሌ ቢሮ ሄዶ ቁጥር አስመዝግቦ ስም እስኪጠራ ቁጭ ማለት ነበር። በኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ዳላስ እኩለ ቀን። ደወለ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም፣ የማታውቀው የሜሪላንድ ቁጥር ነዋ፣ አሜሪካ ማን እንደዛ ያነሳል። ቮይስ ሜይል ገባ። ጋሼ ማሽን መሆኑን ስላላወቀ ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀመረ፣ የዝናቡን፣ የአክስቴን ጉልበት፣ የጎረቤቱን ልጅ ሰርግ አንድ በአንድ ነገራት፣ መልስ ሲጠብቅ ጊዜው አልቆ ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ በቴክስት እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ "ይቅርታ ማን ልበል? አባቴን የሚመስል ሰው በናንተ ቁጥር ደውሎ ነበር።"