ሸራ

ሐምሌ ሁሌም ይደብረኛል። ዛሬ ግን ዝናቡ አይመስለኝም። ጠዋት ታላቄ ከዋሽንግተን «ሸራው ደረሰህ?» ብሎ ጽፎልኛል። ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ ባለ 180 ሚሊ ሜትር የፊት ዲስክም (ሸራው ነክሶ የሚያቆመው ክብ ብረት) መርቆበታል። መልስ ግን እስካሁን አልሰጠሁትም።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለችኝ። ባትሪዋ የሚያኮራ፣ ፍሬኗ የሚያሳፍር። ባለፈው ከእንጦጦ ስወርድ ሁለቱንም እጀታ እስከ መሪው ድረስ ጨምቄ ይዣለሁ፣ እሷ ወደ ሽሮ ሜዳ መንገዷን ቀጥላለች። ትጮሃለች እንጂ አትቆምም። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ጥግ ይዘው «ኧረ ቀስ በል ልጄ!» አሉኝ። እኔስ ምን ፈለግኩ!

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እኔና እሷ ተደምረን 100 ኪሎ እንሞላለን። 500 ሜትር ቁልቁል ስንወርድ 490 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ነፋሱና ጎማው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረው እነዚያ ስስ ዲስኮች ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ሁሉም ቢያርፍባቸው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያፈላል። ጀበና ጥጄ ነው የምወርደው ማለት ነው።

የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ «ሃይድሮሊክ አስገባባት» አለኝ። ክፉ ምክር አይደለም። በካቦ ፋንታ ዘይት ስለሚገፋ በሁለት ጣት ይያዛል። ግን የእኔዋ እጀታ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ ፍሬን ስይዝ ሞተሩን የምታቋርጥ። እጀታው ሲቀየር እሷ ከተረሳች ሞተሩ ወደፊት፣ ፍሬኑ ወደኋላ ይጓተታሉ። መሃል ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ።

ስለዚህ ከርካሹ ጀመርኩ። ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ነበር፤ የእጄ ጉልበት መንገድ ላይ ያልቃል። ቀየርኩት። በዚህ ዓይነቱ ፍሬን ደግሞ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው፤ ዲስኩን እየገፋ ከወዲያኛው ጋር ያጣብቀዋል። የወዲያኛው ሸራ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ጭመቃው ሁሉ ዲስክ ማጣመም ላይ ያልቃል። በብሎኑ አስጠጋሁት። ትንሽ ተሻላት። ትንሽ ብቻ።

የ180ው ዲስክ ደግሞ የሚነከስበት ቦታ ከድሮው 160 በ10 ሚሊ ሜትር ከመሃሉ ይርቃል። በዚያው የእጅ ጉልበት 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይገኛል። መጀመሪያ ግን የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካ ያንን ስፋት የሚፈቅድ መሆኑን ማየት፣ ፍሬኑን ከመሃሉ የሚያርቅ ማራቂያ ብረትም መግጠም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ቀደም ሲል ለታላቄ በስልክ ተንትኜለታለሁ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ሰንሰለቷ ሲንጫጫብኝ በሚረጭ ዘይት አጠብኳት። ነፋስ ነበር። ዲስኮቹም አብረው በዘይት ራሱ፣ እኔ ደግሞ በጨርቅ ወልውዬ «እንዴት አበራች!» አልኩ። ዲስክ በመድኃኒት ቤት አልኮል ይጸዳል። ሸራ ግን ዘይት ይጠጣል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አንድ ቀን ይዞ በማግስቱ ጩኸቱን ቀጠለ። ለታላቄ ያልኩት «የማይረባ ሸራ ገጥመውባት ነው» ነው። አዘነልኝ። ገዝቶ፣ የሚመጣ ሰው ፈልጎ ላከልኝ።

ሸራ።

ባሕር ዳር ልጅ ሆነን ብስክሌት በሩብ ሰዓት እየተከራየን ነበር የምንነዳው። ከተማው ሜዳ ነው። ፍሬን ያለው ብስክሌት ደርሶኝ አያውቅም፣ የጎደለ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር። ማቆም ሲያስፈልግ እግርን ወደኋላ ሰድዶ የጫማን ሶል ጎማው ላይ ማሸት ነው። የእኔ ጫማ ኮንጎ ነበር፤ ያንሸራትታል። የታላቄ ግን ለፋሲካ የተገዛለት ሸራ ጫማ። ቀጥ ነው የሚያደርገው! ምሳ በልቶ ጋደም ሲል አድርጌው ወጣሁ። ሰፍቶኝ ነበር፣ ግድ የለም። አመሻሽ ላይ የቀኝ ሶሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ነበረች።

እማዬ ማታ አየችው። የተቆነጠጠው እሱ ነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ዳቦ እበላለሁ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን አንስቶ ገባ። ክረምቱን ካርቶን እየቆረጠ ውስጡ ሲያነጥፍ ትዝ ይለኛል። ካርቶኑ ሲርስ ይጥለውና ሌላ ይቆርጣል። ስለዚያ ጫማ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ቅድም ስልኬን አነሳሁ። «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ዘይቱን የረጨሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ የላክሁት «የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?» የሚል ሆነ። ጉድ እኮ ነኝ።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ወዲያው መለሰ። «42። ምነው፣ አሁንም በእግርህ ነው እንዴ የምታቆመው?»

አሁንም?