ያቺ 1 ጊጋባይት

በጃቫ የተጻፈው ሰርቪሳችን የሞተው ሁሉም ሰው ስብሰባ ላይ እያለ ነው፤ በኮድ 137። ሎጉ ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ሜሞሪ አለቀ) የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም። ከየት ይመጣል? ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በሲግናል 9 (ወዲያው ግደል በሚለው) ሲገድለው ጃቫ የሚናዘዝበት ፋታ አያገኝም። በሲግናል የተገደለ ፕሮግራም ኮዱ 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር ነው፦ 128 ሲደመር 9፣ 137።

«ሂፑ 512 ሜጋ ነው፣ ኮንቴይነሩ 768። የቀረውን ምን በላው?» አለ አለቃችን። ሂፕ ጃቫ የፕሮግራሙን ዳታ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ነው፤ ኮንቴይነር ደግሞ ሰርቪሱ የሚሮጥበት፣ የሜሞሪ ጣሪያ ያለው ሳጥን።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኔቲቭ ሜሞሪ ትራኪንግ፣ ጃቫ ሜሞሪውን የት የት እንዳዋለው የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ፕሮሰሱ ሲነሳ ካልበራ በኋላ አይበራም፤ ደግነቱ በርቶ ነበር። ስክሪኔን አጋርቼ በሌላኛው ሪፕሊካ (የሰርቪሱ ሌላ ቅጂ) ላይ፣ ጄሲኤምዲ በሚባለው የጃቫ ትእዛዝ ማጠቃለያውን አወጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አለቃዬ አንዷን መስመር አያት። ክላስ፣ ሪዘርቭድ፣ 1 ጊጋ።

«ይኸውላችሁ ሌባው!»

ክላስ ስፔስ፣ ጃቫ የክላሶችን መረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ በነባሪው 1 ጊጋ አድራሻ ይይዛል (ሪዘርቭድ ማለት ይኸው ነው)፤ ፕሮግራሙ «ሰላም» ብሎ የሚወጣ ቢሆንም ይይዛል። ወንበር ላይ ኮት ጥሎ እንደመሄድ ነው፤ የተቀመጠ ሰው የለም። ለሥራ የተፈቀደውን የሚያሳየው ኮሚትድ የሚለው ዓምድ 14 ሜጋ ይላል። ራም ላይ የሚያርፈው ደግሞ ከኮሚትዱም የተነካው ብቻ ነው። 768 ውስጥ 1 ጊጋ እንዴት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቲኬት ተከፈተ፦ «1 ጊጋዋን መቀነስ»፣ ቅድሚያ ከፍተኛ። የዲዛይን ቡድኑ አይዟችሁ አለን። አንዱ ለ1 ጊጋዋ ስቲከር ሠራላት። ኮሪደር ላይ «ተገኘች?» የሚሉኝ ሰዎች ጃቫን በቡና ስኒ ሥዕሉ ብቻ የሚያውቁ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ፍሪሜሞሪ (ነፃ ሜሞሪ) የሚለውን የጃቫ ስም ያወጣው ሰው ይጠየቅልኝ። ዳሽቦርዳችን «ነፃ፦ 30 ሜጋ» እያለ በቀይ ይጮኻል። ያ 30 ግን ሂፑ እስካሁን ከወሰደው፣ ከቶታል ሜሞሪ 200 ሜጋ ውስጥ የተረፈው ነው። እውነተኛው ቦታ ማክስ (የሂፑ ጣሪያ) ሲቀነስ ጥቅም ላይ ያለው (200 ሲቀነስ 30) ነው፦ 512 ሲቀነስ 170፣ 342 ሜጋ። በዚህ ቁጥር ስንት ሰው ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ!

ሌባው የተቀመጠው ማንም ሸብልሎ ያላደረሰበት ታች፣ «አዘር» የሚለው መስመር ላይ ነው። ዳይሬክት ባፈር፣ ከሂፑ ውጪ የሚያዝ የዳታ ማቆያ። ገደብ ካልተበጀለት የሂፑን ጣሪያ ያህል፣ ማለትም ሌላ 512 ሜጋ ድረስ ይፈቀድለታል። ሂፕ ሲሞላ 512፣ ሜታስፔስ (የክላሶቹ መረጃ) 90፣ ኮድ ካሽ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመው ኮድ) 60፣ ጂሲው (የሜሞሪ ጠራጊው) ለራሱ 30፤ 692 ሆነ። የትሬዶቹን (ጎን ለጎን የሚሮጡትን ሥራዎች) ስታክ፣ የየራሳቸውን ሜሞሪ፣ ገና አልቆጠርንም። ባፈሩ 80 ሲደርስ ድምሩ ከ768 አለፈና አበቃ።

ሂፑን ወደ 400 አውርጄ የባፈሩን ጣሪያ፣ ማክስ ዳይሬክት ሜሞሪ ሳይዝን፣ 96 ላይ አሰርኩት። ከእንግዲህ ባፈር ሲያልቅ ጃቫ ራሱ ስሙን ጠርቶ ሎግ ላይ ይጮኻል።

ቲኬቱ ግን አልተዘጋም፤ ክላስ አሁንም 1 ጊጋ ነዋ።