ሕመሙ ሲጠፋ ዳንኩ ብዬ ሮጥኩ

ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ስምንት ወር አሠቃይቶኛል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ግድግዳ ይዤ ነበር የምራመደው። በመጨረሻ ሾክዌቭ፣ ማለትም በመሣሪያ የድምፅ ሞገድ ምት ወደታመመው ቦታ የሚላክበት ሕክምና፣ ታዘዘልኝ፤ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላ ሦስት ጊዜ።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነው። በሆዴ ተኛሁ፣ ጄል ተቀባሁ፣ ከዚያ መሣሪያው 2000 ጊዜ ያህል ቀጠቀጠኝ። ያማል፤ ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም። ማደንዘዣ አትጠይቁ፤ ውጤቱን ይቀንሳል፣ ደግሞም ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው እናንተ «እዚህ ጋ!» ስትሉ ነው።

ጉዱ የመጣው ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው። ስነሳ ሕመሙ ድራሹ ጠፍቷል። በማግስቱም የለም። የተሰጠኝ ወረቀት «ወዲያው ወደ ዕለት ተዕለት እንቅስቃሴዎ መመለስ ይችላሉ» ይላል፤ የእኔ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ደግሞ ሩጫ ነው። በሦስተኛው ቀን ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ አንዴም አላመመኝም፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። በነጋታው ጅማቱ አብጦ አውራ ጣቴን አክሏል። በሁለት ጣቴ ይዤ እግሬን ሳንቀሳቅስ ውስጡ እንደ ደረቅ ቆዳ ይንቋቋል። ደረጃውን ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ። በዚያ ላይ አይቡፕሮፌን አራት ቀን ዋጥኩ። ለካ ሾክዌቭ ለጊዜው ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ ጅማቱ ገና አልዳነም! ምቱ ሆን ብሎ የሰውነትን የጥገና ሥራ ስለሚቀሰቅስ፣ ብዙ ባለሙያዎች በሕክምናው ሰሞን ይህን ሥራ ሊያዳክም የሚችል እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት አትውሰዱ ይላሉ። ይህን ለሕክምና ባለሙያው ስነግረው «ይሄማ የታወቀ ነው» አለኝ። የታወቀ ከሆነ ለምን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም? እስካሁን ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ የስምንት ወር ሕመም በሦስት ቀን ድኗል ብዬ ማመኔ!

ሦስተኛው ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ተገፋ። ከዚያ በኋላ «ሙሉ እረፍት አድርግ» ያለኝን ሐኪም አልሰማሁትም። በየቀኑ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ አድርጌ ማውረድ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ በኋላ በአንድ። በእኔ እምነት ይህ ከሌለ ሾክዌቩ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርቡ ጅማታችሁ አካባቢ ስቴሮይድ የተወጋችሁ ግን ሾክዌቩ ከመጀመሩ በፊት ሳትጠየቁም ተናገሩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ለውጡ የታየኝ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ጠዋት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ወጥ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ግድግዳውን እንዳልያዝኩ ያስተዋልኩት።