በዜና ያላየኋት ሐርጌሳ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ሰፈር የሚሆን የባሕር ዳርቻ፣ ለሶማሊላንድ ደግሞ የእውቅና ተስፋ የሚሰጠው የመግባቢያ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ ወዲህ ሶማሊላንድ በእኛ ሚዲያ ወደብ ብቻ ሆናለች። ካርታ፣ መርከብ፣ ቀይ ባሕር። የሞቃዲሾን ዜና የሚከታተል ደግሞ ስለ ተገንጣይ ክልል ብቻ ይሰማል። ሰው የለበትም።

እኔ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከጅግጅጋ ተነስቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል ገባሁ። ከድንበሩ ወዲያ መኪናው በቀኝ ይነዳል፤ መሪውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሊቀድም ሲል ከጎኑ የተቀመጠው መንገደኛ አንገቱን አውጥቶ ያይለታል።

በዋና ከተማዋ ሐርጌሳ ገበያ ውስጥ ገንዘብ መንዛሪዎች የሽልንግ እስር እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ። መንገድ ላይ፣ ያለ ዘበኛ! አንድ ዶላር በሺዎች የሚቆጠር ሽልንግ ስለሆነ ሰዉ ወረቀቱን ብዙም አይሸከምም። ሻይም፣ ታክሲም በስልክ፣ ዛድ በሚባለው የሞባይል ገንዘብ ነው የሚከፈለው። ከአወዳይ የሚሄደው ጫት በየቀኑ ይደርሳል፤ የሚቸረችሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ከእነሱ አንዷ አማርኛ ስናገር ሰምታ ጠራችኝ። "ና ወንድሜ፣ ከየት ነህ?" ያደገችው እኛ አገር፣ ሐርትሼክ የስደተኞች ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ሲደበድቡ ቤተሰቧ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። መሃል ከተማ ሐውልት ላይ የቆመውን ሚግ እያሳየችኝ ስታወራ ድምጿ አልተለወጠም። የእኔ ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ። ስለ ባሕር በር ይሄን ሁሉ ሰዓት ስናወራ ይህን ታሪክ አለማንሳታችን ያሳዝነኛል።

ስለ ሰነዱ ሻይ ቤት ውስጥ ሰዉ ተከፋፍሎ ይከራከር ነበር። ገሚሱ እውቅና ያመጣልናል ይል ነበር። ገሚሱ መሬታችንን አንሰጥም ይል ነበር። የመከላከያ ሚኒስትራቸው እንኳ በዚሁ ምክንያት ሥልጣን ለቀዋል።

ይህን ስል ሁሉም ሰላም ነው ማለቴ አይደለም። በምሥራቅ፣ ላስ አኖድ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። እዚያ ብዙው ሰው ከሶማሊያ ጋር መሆን ነው የሚፈልገው። ሐርጌሳን ያየ መላ አገሩን አየሁ ሊል አይችልም።

ማታ አብሮኝ ሻይ የጠጣው ወጣት ፓስፖርቱን አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነት ካወጁ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አገር በይፋ አላወቃቸውም ነበር። ፓስፖርቱን የሚቀበሉት ጥቂት አገሮች ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እናቱን የሚያሳክመው አዲስ አበባ ነው። ያስጨነቀው የባሕር ኃይሉ ጉዳይ አልነበረም፤ የድንበሩ ኬላ በውዝግቡ ሰበብ እንዳይዘጋ ነው። ሰኔ ላይ ቀጠሮ ነበራቸው። ሐኪም ቤት አጠገብ ርካሽ ማረፊያ ልፈልግለት ቃል ገብቼ ስልክ ተለዋወጥን።